ተኝተው ከሚታከሙት ስንቶቹ ሰውነታቸው ውስጥ የተገጠመ ነገር አላቸው?

ተረኛዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዋርድ ላይ የምሰራ ነርስ ነኝ። ትናንት አንድ አባት ለኤምአርአይ (በትልቅ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ ለሚያነሳው ማሽን) ሳዘጋጅ እንደ ሁልጊዜው "ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ እንዴ?" አልኳቸው፣ "ኧረ የለም ልጄ" አሉኝ፣ ቻርታቸውም ላይ ምንም አልተጻፈም። ጋውን ላለብሳቸው ሸሚዛቸውን ሳወልቅ ግን ከግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ከቆዳው ስር የእጅ ሰዓት የምታክል ነገር ጎላ ብላ አየኋት፣ ከላይዋ የቆየ ጠባሳ አለ። "አባባ ይሄስ?" ስላቸው "እሱማ የልቤ ባትሪ ነው፣ ብረት አይደለም እኮ" አሉኝ። ክው ነው ያልኩት። ሌሊቱን ሙሉ ስንቱን እንዲህ አሳልፌው ይሆን እያልኩ ነው ያደርኩት። ለመሆኑ እንዲህ አይነት ነገር የተገጠመላቸው ብርቅ ናቸው ወይስ እኛ ነን የማናያቸው?

ራጅ_ክፍል፦
እህቴ ብርቅ አይደሉም። ለሳል ተብሎ በተነሳ የደረት ራጅ ላይ በሽተኛው ያልነገረንን ሽቦ፣ ክሊፕ፣ የልብ ቫልቭ ማየት የለመድነው ነገር ነው። ቁጥሩን እንዲህ ነው ብሎ መናገር የሚከብደው ምኑን ቆጥረሽ ምኑን እንደምትተዪ ስለሚወስነው ነው፣ ፔስሜከር (የልብ ባትሪ የሚሉት) ብቻ ካልሽ የልብ ዋርድ ላይ ይበዛል ሌላ ጋ ያንሳል፣ ስቴንት (የጠበበ የደም ስርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ)፣ ሰው ሰራሽ ዳሌና ጉልበት፣ ለስብራት የገባ ፕሌት፣ ለኸርኒያ የተሰፋ መረብ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያና ሉፕ ሲጨመር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሁሉም የሚረሳው ደግሞ የዓይን ሌንስ ነው፣ ዛሬ ሞራ ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይኑ ውስጥ ሰው ሰራሽ ሌንስ አለው። ይሄን የጀመረው ሀሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሀኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ከዚያ በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስባሪ አይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎችን ሲያክም አይናቸው እንዳልተቆጣ ልብ ብሎ ነው። ሌንሱ ለኤምአርአይ ችግር የለውም፣ ለቆጠራው ብዬ ነው ያነሳሁት። አዛውንቶች በበዙበት ዋርድ ቢያንስ አንድ ነገር ያለው ሰው አታጪም።

የአባባ ግን ሌላ ነው። የኤምአርአዩ ማግኔት ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፣ ማሽኑ ስራ ባይሰራም ይስባል። አዳዲሶቹ ፔስሜከሮች ብዙዎቹ መግባት ይችላሉ ግን ሞዴሉ ታውቆ፣ ከመግባቱ በፊት ተስተካክሎ፣ ሲወጣ ተመልሶ ነው። ባትሪው ወጥቶልኛል ያለሽን ሰውም በዛ አትለፊው፣ ሽቦው ልቡ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

የልጅ_እናት፦
እኔ እናት ነኝ ባለሙያ አይደለሁም ግን ልናገር። ልጄ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሀ ስለሚጠራቀም ሹንት አለው፣ በአንገቱ ቆዳ ስር አልፎ ሆዱ ድረስ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ቫልቩ በማግኔት የሚስተካከል አይነት ነው። አንዴ ኤምአርአይ ተነስቶ ወጣ፣ ቫልቩን ግን ማንም መልሶ አላየውም፣ በሁለተኛው ቀን ራሱን እያመመው፣ እያስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው መጣ፣ ይዘነው ሮጠን ሲታይ ቫልቩ የተስተካከለበት ቁጥር ተቀይሯል። አሁን የሹንቱን ካርድ ፎቶ እኔም አባቱም ስልካችን ላይ ይዘናል። እባካችሁ ስትጠይቁ ሲገባም ሲወጣም ጠይቁ።

ውስጥ_ደዌ፦
የኤምአርአዩ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባክቴሪያ ፕላስቲክና ብረት ላይ ከተጣበቀ ራሱን በሚያዳልጥ ሽፋን ይሸፍናል፣ እዛ ውስጥ መድሀኒት በደንብ አይደርሰውም፣ ስለዚህ ትኩሳቱ በአንቲባዮቲክ ይበርድና መድሀኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል። በተለይ ደሙ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ የተገኘበት በሽተኛ ፔስሜከር ወይ ሰው ሰራሽ ቫልቭ እንዳለው ካላወቅን ህክምናውን ከስሩ ነው የምንሳሳተው፣ አንዳንዴ ዕቃው ካልወጣ አይድንም። እኔ በበኩሌ ይሄ ጥያቄ ልክ እንደ መድሀኒት አለርጂ ቻርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ተረኛዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የልጅ እናት ደግሞ እግዜር ይማርልሽ። የአባባን ካርድ ልጃቸው ከቤት አምጥቶልናል፣ ሞዴሉን የልብ ሀኪሞቹ እያዩት ነው። እኔም ዛሬ ጠዋት "ብረት አለ?" የሚለውን ትቼ "ኦፕራሲዮን ሆነው ያውቃሉ? ምን ገጠሙልዎት? ካርድ ሰጥተዎታል?" እያልኩ ጀመርኩ፣ ጠባሳም አያለሁ። አንዲት እናት ሁለቴ የለም ካሉኝ በኋላ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው ጉልበታቸውን እያሳዩኝ "ይሄንንም ነው እንዴ?" አሉኝ።