ሱሪ የለበሰችን ልጅ ከቤተ ክርስቲያን በር መመለስ ልክ ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦
እሁድ ያየሁትን ልንገራችሁና ተከራከሩበት። እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ የደብሩን ስም ተዉት። አንዲት ልጅ በጂንስ ሱሪ፣ ነጠላዋን አመሳቅላ መጣች። በር ላይ የቆሙት ወጣቶች "እህት፣ በሱሪ አይገባም" አሏት። ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። ልጅቷ የምትገባበት ጠፋት። አንዲት እናት የራሳቸውን ነጠላ ገፈፍ አድርገው ወገቧ ላይ አሸረጡላት። እሳቸው በሻሻቸው ብቻ ቀሩ። ለእኔ ጨዋነት ያለው እሳቸው ጋ ነው።

የሰንበት ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ልጆቹ ሥርዓት ነው ያስከበሩት። ዘዳግም 22፥5 ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ ይከለክላል። መሥሪያ ቤት ዩኒፎርም ልበሱ ሲለን እሺ እንላለን። የእግዚአብሔር ቤት ሲሆን ነው መብታችን ትዝ የሚለን።

የሽምብጥ ልጅ፦
በሙሴ ዘመን ከካህናት በቀር ወንዱስ መቼ ሱሪ ለበሰ? ደግሞ ማቴዎስ 5፥28 የሚወቅሰው የሚያየውን ነው። ዓይንህ ካሰናከለህ ዓይንህን አውጣ አለ እንጂ እሷን መልሳት አላለም።

ጀልባ ነጂ፦
እኔ በጣና ላይ እንግዳ ወደ ዘጌ ገዳማት አመላልሳለሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት በቁምጣ አይገባም። ስለዚህ ጀልባዬ ላይ ሁለት ሽርጥ አይጠፋም። ግን ሽርጡን የምሰጠው ገና ከዚህ ሳንነሳ ነው። ደጃፍ አድርሼ "ተመለሺ" አልልም።

የሰንበት ተማሪ፦
አነጋገራቸው ላይ እሺ። ሥርዓቱ ግን ሥርዓት ነው።

ሸማ ነጋዴዋ፦
እስቲ እኔም ልግባ። የሴት ልብስ ሲነሳ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9 ሁሌ ይጠቀሳል፣ ሴቶች በጨዋነት ይልበሱ የሚለው። ጳውሎስ ስለ ቀሚስ ርዝመት አንዲት ቃል አልተናገረም። ያነሳው ሽሩባ፣ ወርቅ፣ ዕንቁና ዋጋው የከበረ ልብስ ነው። ዋጋ ነው ያለው!
ሱቄ ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። ጥር ሲቃረብ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እየተባለ ገበያው ይጦፋል። አምና አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየዋ የቀሚሱን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ ጥልፉን ስታገላብጥ ቆየች። ዋጋውን ነገርኳት። ቀስ ብላ ለቀቀችው። ልጅቷ "እንግዲያው ዘንድሮ ታቦት አልሸኝም" ብላ ወጣች። ያ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። የትኛውም በር ላይ አያስቆሙትም። ግን አንዷን ልጅ ቤቷ አስቀርቷል። እናንተ በክንድ ትለካላችሁ፣ ጳውሎስ የለካው በብር ነው። ሻጯ እኔ ነኝ፣ ይህን ስል የራሴን ገበያ እየዘጋሁ መሆኑ ይታወቅልኝ።

የአብነት ተማሪ፦
እታለም፣ ጌጥ ሁሉ ኃጢአት ከሆነ ናርጋ ሥላሴን ምን ልናደርገው ነው? ደቅ ደሴት ላይ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት። እቴጌይቱ እዚያው ግድግዳ ላይ ተሥለዋል፣ እንደ ንግሥት አጊጠው።

ሸማ ነጋዴዋ፦
አይቼዋለሁ። እንዴት ሆነው ነው የተሣሉት?

የአብነት ተማሪ፦
ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው።

ሸማ ነጋዴዋ፦
አየህ! ሐር ለብሶ መደፋትም አለ፣ ነጠላ ለብሶ መንጠራራትም አለ።

ሥም አይጠቀስ፦
እኔም አንድ ጊዜ ተመልሻለሁ። ከአዳር ሥራ ወጥቼ፣ ልብስ ለመቀየር ቤቴ ሩቅ ነበር። እናቴ ታማብኝ ስለት ልሳል ነው የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ ከውጭ ተሳልሜ ነው የማልፈው። በቀሚስ የሄድኩ ቀን እንኳ እግሬ አይገባልኝም።

የሰንበት ተማሪ፦
ይቅርታ እህቴ። ... እኔም በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ሱሪ አይገባም ባይ ነኝ። ግን በር ላይ የሚቀመጥ ነጠላ ብንገዛ፣ አሥር ያህል፣ ርካሹ በስንት ይገኛል?

ሸማ ነጋዴዋ፦
ርካሹ ጥለት የለውም።

የሰንበት ተማሪ፦
ጥለት ምን ያደርጋል?

ጀልባ ነጂ፦
ይኑረው እንጂ፣ ለእንግዳ አይደል እንዴ!