የአሮጌውን ምድር ባቡር ሎኮሞቲቭ ከሳጥን ወጥቶ ወዲያው የሚሄድ ሞዴል አድርጎ ስለማምረት

የለገሃር ልጅ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ያደግሁት ለገሃር ነው፤ ዛሬም ቢሮዬ ቸርችል ጎዳና ግርጌ ስለሆነ በየቀኑ በአሮጌው ጣቢያ ፊት አልፋለሁ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባለ 1 ሜትር ሐዲድ ሥራ ካቆመ ወዲህ ነፍስ ያወቁ ልጆች ባቡር ሲባል የሚታያቸው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አገልግሎት የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ነው። እኔን ያሳደገኝን ድምፅ የሚያስታውስ ሰው እየቀነሰ ሲሄድ ዝም ብዬ ማየት ስላልሆነልኝ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ ከፈረንሳዩ አልስቶም ከመጡት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች አንዱን በ1:87 ስኬል (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ)፣ ዝርዝሩ የተሟላ፣ ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ የሚሄድ ሞዴል አድርገን ለማምረት ተነሥተናል።

ድሬዳዋ ወርደን በፈቃድ ሁለት ቀን ሙሉ ለክተናል፤ ፎቶግራፍም በብዛት አንሥተናል፤ የኮምፒውተር ሥዕሉም ወደ ማለቁ ነው። የቸገረን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንዱ ጓደኛዬ ቦዲውን በስሪዲ ፕሪንተር በሬዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ) አትመን፣ ሻንሲውን፣ ማለትም ሞተርና ጎማ ያለበትን የታችኛውን ክፍል ግን የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ከሆነና ገበያ ላይ ከሚገኝ ሞዴል ወስደን እንጀምር ይላል። ሌላው ደግሞ ሥራው ሥራ የሚባለው የብረት ሞልድ አስቀርጸን እንደ ትልልቆቹ አምራቾች በፕላስቲክ ስናወጣው ነው ብሎ ይከራከራል። ከዚህ በላይ ልቤ ያልረጋው ግን ሥዕሉን አሁኑኑ ለሕዝብ አሳይተን ቀብድ እንሰብስብ በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወይም ባቡሩን በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩን እጅግ አመሰግናለሁ።

ሞልድ ቀራጭ፣ ከሜክሲኮ፦

ወንድሜ፣ ከሐዲዱ ስፋት ልጀምር፤ እሱ ከተሳሳተ ሌላው ሁሉ ተከትሎት ይሳሳታልና። 16.5 ሚሊ ሜትር በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይህም የመደበኛው ሐዲድ፣ ማለትም የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ልክ ነው። የእናንተ ሎኮሞቲቭ ዕድሜውን የጨረሰው በ1 ሜትር ሐዲድ ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ሻንሲ ላይ ስታስቀምጡት በእውነተኛው ልክ ወደ 43 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስፋት ጨምራችሁ እግሩን አንፈራጥጣችሁ አቆማችሁት ማለት ነው። የቀድሞውን ባቡር ያየ ሰው ምክንያቱን ባያውቀውም ነገሩ እንግዳ ይሆንበታል፤ ጠባቡ ሐዲድ ላይ ሰፊ አካል ተሸክሞ የመጓዙ ነገር ነውና መልኩን የሚሰጠው። በ1:87 ለ1 ሜትር ሐዲድ የተመደበው 12 ሚሊ ሜትር ነው። በትክክል ቢሰላ 11.5 ስለሚሆን ግማሽ ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ ይህን ዓይን አይለየውም። የስዊዘርላንድን ባለ 1 ሜትር ባቡሮች የሚያመርተው ቤሞ በዚሁ ስፋት ስለሚሠራ፣ ደንበኛችሁ ሐዲዱን ገበያ ላይ ተሠርቶ ያገኘዋል።

ስለ ሞልድ ስትጠይቅ፣ እኔ እንጀራዬ እሱ ቢሆንም አሁን አልመክርህም። ሞልዱ ከጠንካራ ብረት ተቆርጦ የቀለጠ ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት የሚገባበት ነው፤ ፕላስቲኩ ሲረጋ ሞልዱ ተከፍቶ ዕቃው ሳይቧጠጥ መውጣት አለበት። የሎኮሞቲቭ ቦዲ ደግሞ በጎንም በፊትም በጣሪያም ፍርግርግና በር ስላለው፣ ብረቱ ወደ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ቢከፈት አይወጣም፤ በየጎኑ የሚንሸራተቱ ክፍሎች ይፈልጋል። ወጪው የሚከመረው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ዝርዝር ሎኮሞቲቭ ሙሉ የሞልድ ስብስብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፤ ከመቶ ሺህ ሊያልፍም ይችላል። ይህ ገንዘብ በብዙ መቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠር ሞዴል ላይ ካልተካፈለ የአንዱ ዋጋ የማይቀመስ ይሆናል።

ስለዚህ ቦዲውን በ0.05 ሚሊ ሜትር ንብብር በሬዚን አትሙት። ሬዚን እንደ ፕላስቲክ አይለመጥም፤ ቀጭኑ ነገር ቶሎ ይሰበራል። በእውነተኛው 30 ሚሊ ሜትር የሆነ የእጅ መያዣ በ1:87 ወደ 0.35 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ፣ እሱን ከቦዲው ጋር ለማተም ሳትሞክሩ ከናስ ሽቦ ቆልምማችሁ በቀዳዳ ትከሉት። ሻንሲውን ግን ራሳችሁ ሥሩት። ሞተሩ መሐል ይቀመጥና በሁለቱም ጫፍ በትል ማርሽ (እንደ ብሎን በተጠማዘዘ ጥርስ) ሁለቱንም ቦጊ፣ ማለትም ጎማዎቹ የተያዙበትን ተሽከርካሪ ጋሪ ያንቀሳቅስ፤ ዘንጉ ላይ አካሄዱን የሚያለሰልስ ከባድ የናስ መንኮራኩር (ፍላይዊል) ይኑረው፤ ኤሌክትሪኩን ደግሞ ስምንቱም ጎማዎች ከሐዲዱ ይሰብስቡ። በአራት ጎማ ብቻ የሚሰበስብ ሞዴል የሐዲድ መቀያየሪያ ላይ በደረሰ ቁጥር እየቆመ በጣት ግፉኝ ይላል። ሞዴሉን በዲጂታል ትእዛዝ ለሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሰሌዳ (ለዲኮደሩ)ም ከአሁኑ ቦታ ተዉለት፤ ኔክስት 18 የሚባለው ባለ 18 እግር መሰኪያ ትንሽ ስለሆነ ለጠባብ ቦዲ ይስማማል።

ጡረተኛ ምድር ባቡር፦

ልጆቼ፣ ሥራችሁ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ባቡሩ ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ የምትሠሩት ሎኮሞቲቭ የየትኛው ዓመት ነው? ድሬዳዋ ቆሞ ያገኛችሁት ብዙ ጊዜ የተጠገነ ነው። በጥገና ላይ ከሌላው የተነቀለ በር ይገጠምለታል፤ የተበላ ፍርግርግ በላሜራ ይሸፈናል፤ መብራቱ ይቀየራል። የለካችሁትን እንዳለ ወስዳችሁ በላዩ ላይ የድሮውን ቀለም ከቀባችሁ፣ በየትኛውም ቀን ያልነበረ ሎኮሞቲቭ ሠራችሁ ማለት ነው። በጎኑ የሚጻፈው የኩባንያ ስምም በዘመኑ ይወሰናል፤ ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ እስክትወጣ ድረስ የነበረው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ስም ነውና ከዚያ በኋላ የመጣውን ከቀድሞው ጋር አታደባልቁት። አንድ ቁጥር ምረጡ፤ ለዚያ ቁጥር አንድ ዓመት ምረጡ፤ የዚያን ዓመት ፎቶግራፍ እስክታገኙ ድረስ ሥዕሉን አትዝጉት።

ሌላው ጣሪያው ነው። ያ ባቡር ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ የሚወጣ ነበር። ሽቅብ ሲይዝ የሚተፋው ጭስ ጣሪያውን ከጭስ ማውጫው ወደ ኋላ ያጠቁረዋል፤ ከታች ደግሞ ከአዋሽ ወዲያ ያለው አቧራ ቦጊውን ያነጣዋል። አዲስ ቀለም የተቀባ ሎኮሞቲቭ ለገሃር ቆሞ ያየሁት ጥቂት ቀን ነው።

የፒያሳ ማተሚያ፦

የእኔ ድርሻ ጽሑፉን ይመለከታል። ፕላስቲክና ሬዚን ላይ ጥቃቅን ፊደል የሚታተመው ቀለሙን ከተቀረጸ ሰሌዳ ላይ በለስላሳ ሲሊኮን አንሥቶ በማሳረፍ ነው። በእውነተኛው ጎን ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል በእናንተ ስኬል 1.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የላቲኑ ፊደል በዚህ ልክ ችግር የለበትም። የእኛ ግን «ባቡር» የሚለውን ብቻ ብትወስዱ፣ «ቡ»ን ከ«በ» የምትለየው ያቺ ከጎን የወጣች ትንሽ ጭረት ናት። ሰሌዳው ትንሽ በጥልቀት ከተቀረጸ ቀለሙ ይደፋና ጭረቷ ከእግሩ ጋር ትጣበቃለች፤ ከሳሳ ደግሞ ጭራሽ አትወጣም። ከኮምፒውተር የተወሰደ ፎንት አሳንሳችሁ አትላኩ። ፊደሉን ከፎቶግራፉ ላይ እንደገና ሣሉትና ጭረቶቹን ከልካቸው ትንሽ አርዝሙ። በእኛ ማተሚያ ቤት ለእስክርቢቶ ጽሑፍ ስንሠራ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ሰብሳቢ፦

ስለ ቀብዱ ልመልስ። ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ አነስተኛ አምራች በኮምፒውተር ሥዕል ብቻ ባስተዋወቀው ሎኮሞቲቭ ላይ ሙሉ ዋጋውን አስቀድሜ ከፍዬ ነበር። የሚደርስበት ጊዜ አራት ጊዜ ተራዘመ፤ በመጨረሻ መልስ የሚሰጥ ሰው ጠፋ። የገንዘቡን ነገር ረስቼዋለሁ፤ ያን ሎኮሞቲቭ በመደርደሪያዬ ላይ ቦታ አዘጋጅቼ መጠበቄን ግን አልረሳም። ሥዕል አታሳዩ። የመጀመሪያው ናሙና በራሱ ሞተር በዝግታ፣ ሳይንገጫገጭ ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ ስትይዙ ያን ጊዜ አሳውቁ። ቀብድ የምትቀበሉም ከሆነ ስንት እንደምትሠሩ ቁጥሩን ተናገሩና ከዚያ አትለፉ።

ለሻንሲው ክብደት ዚንክ ቅይጥ የምታስቀልጡ ከሆነም ተጠንቀቁ፤ እርሳስ ጠብ ካለበት ከጊዜ በኋላ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ቦዲውንም ከውስጥ ይገፋዋል። ቤቴ ውስጥ እንዲህ የሞተ ሎኮሞቲቭ አለኝ። ለትንሽ ቁጥር ናስ መቁረጥ ይሻላል።

የለገሃር ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሦስታችንም ተቀምጠን አነበብነው። ባለ 16.5ቱን ሻንሲ ትተነዋል፤ በ12 ሚሊ ሜትር፣ ከናስ በተቆረጠ ሻንሲ፣ በሬዚን ቦዲ፣ ከ50 ሳይበልጥ ልንሠራ ተስማምተናል። ናሙናው እስኪሄድ ድረስ የማንንም ገንዘብ አንቀበልም።

የምድር ባቡሩ አባታችን፣ ዓመቱን ለመምረጥ እርስዎን እንፈልጋለን። ከለካነው ሎኮሞቲቭ የግራ ጎን ሁለት ፍርግርጎች በላሜራ የተሸፈኑ ናቸው፤ ከሥሩ ምን ዓይነት እንደነበረ ከፎቶግራፉ መለየት አልቻልንም። ፈቃድዎ ከሆነ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አትመን ይዘን እንመጣለን።

ጡረተኛ ምድር ባቡር፦

ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከብሔራዊ ቴአትር ጎን ካለው ቡና ቤት እቀመጣለሁ። የቀኝ ጎኑንም ሥዕል አምጡ፤ ሁለቱ ጎኖች አንድ አይደሉም።