ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን የሚያናጋበት ከባድ ሕመም) ይዞት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) የገባ ሰው ይረፍ ወይስ ይነሳ?

ጥያቄውን ያነሳችው፦ እናቴ አምና የሽንት ኢንፌክሽኗ ወደ ሴፕሲስ ተቀይሮ 19 ቀን አይሲዩ ተኛች። ስኳር በሽታ አልነበረባትም። በሁለተኛው ቀን ግን ስኳሯ 260 ገባ፤ ኢንሱሊን ተጀመረላት። በአምስተኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስቱ «አልጋው ጠርዝ ላይ እናስቀምጣት» ሲል፣ እኔና ወንድሜ «በእናትህ፣ ትረፍበት» ብለን መለስነው። ነፍሷ ተርፎ ቤት ስትገባ የቡና ሲኒ ወደ አፏ ማድረስ አቃታት። አሁን የማምነው፣ ቤተሰብ «ይረፍ» ብሎ ማስቆም የለበትም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአይሲዩ ነርስ፦ እህቴ፣ እኔ አልስማማም። መፍራታችሁ ልክ ነበር። መተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሰው ቁጭ ለማድረግ ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ቱቦውን ይይዛል፣ አንዱ አንገት ላይ የገባውን መስመር ይጠብቃል፣ አንዱ በሽተኛውን ይደግፋል። በሌሊት ፈረቃ ያን ያህል ሰው ከየት ይመጣል? በ2022 የታተመው ቲም የተባለው ጥናት መተንፈሻ ማሽን ላይ የነበሩ 750 ሕሙማንን አይቷል። ቀድመው በብዛት የተንቀሳቀሱት ከሌሎቹ በተሻለ አልተረፉም፤ ቶሎም ቤታቸው አልገቡም። እንደ ልብ ምትና ግፊት መዛባት ያለ ችግር የገጠማቸው ግን 9.2 በመቶ ናቸው። በሌላው ወገን 4.1 በመቶ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን በዚያ ጥናት ሌላው ወገን ዝም ብሎ አልተኛም፤ በቀን 9 ደቂቃ ገደማ ይንቀሳቀስ ነበር። በብዛት የተባሉት ደግሞ 21 ደቂቃ ገደማ። የተነጻጸረው ብዙና ትንሽ ነው እንጂ መነሳትና ተጋድሞ መቅረት አይደለም። በ2009 በቺካጎና በአዮዋ የተሠራውን እዩ። 104 ሕሙማን ነበሩ። ማደንዘዣው በየቀኑ እየተቋረጠ ቀድመው ከተንቀሳቀሱት 59 በመቶው ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው ነበር፤ ከሌሎቹ 35 በመቶ ብቻ። በ2014 ያው መረጃ እንደገና ሲታይ፣ ቀድመው የተንቀሳቀሱት ስኳራቸውን ለመቆጣጠር ያነሰ ኢንሱሊን ነው የፈለጉት። ይሄ አይገርምም። ጡንቻ የስኳር ትልቁ ጎተራ ነው። ሲኮማተር ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ በሩን ከፍቶ ስኳር ያስገባል። ተኝቶ ሲከርም ደግሞ ጎተራው ራሱ ይሟሽሻል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ የእናትሽ ስኳር 260 መግባቱ በሴፕሲስ ጊዜ የተለመደ ነው። ሰውነት ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያፈሳል፣ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ኢንሱሊን ደግሞ መሥራት ያቅተዋል። ለሾክ (ግፊት ክፉኛ ሲወርድ) የምንሰጠው ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው መድኃኒትም ይጨምርበታል።

ስኳርን ማሳደድ ግን ዋጋ አስከፍሎናል። በ2001 ከቤልጂየም ሉቨን የወጣው ጥናት ስኳርን ከ80 እስከ 110 ጠብቆ መያዝ የቀዶ ሕክምና ሕሙማንን ሞት እንደቀነሰ ሲያሳይ ዓለም ሁሉ ተከተለው። በ2009 ናይስ ሹገር የተባለው ጥናት ከ6,000 በላይ ሰው ይዞ መጣና ተቃራኒውን አሳየ። ጠበቅ ብሎ ከተያዘላቸው በ90 ቀን ውስጥ 27.5 በመቶው ሞቱ፤ እስከ 180 ከተተወላቸው 24.9 በመቶ። ዛሬ ስኳሩ 180 ሲደርስ ኢንሱሊን እንጀምርና ከ144 እስከ 180 እንይዘዋለን። የደነዘዘ ሰው ስኳሩ ሲወርድ «አዞረኝ፣ አላበኝ» አይልም። ሾክ ላይ ደግሞ የጣት ጫፍ ደም ስለሚያሳስት ከደም ቅዳ ቧንቧ የተቀዳ ይሻላል።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ የግፊት ማቆያው መድኃኒት መጠን እየጨመረ ከሆነ አናስነሳም። ከተረጋጋ ግን እናስነሳለን። ኢንሱሊን እየወረደለት ያለ ሰው ከመነሳቱ በፊት ስኳሩ ይለካ። ይሄን ነው አጥብቄ የምለው።

አስታማሚ የነበረ፦ እኛ አባታችንን እግሩን በየተራ ስናሽለት ነበር። ያ አይበቃም?

ፊዚዮቴራፒስት፦ ማሸቱ ይደላዋል፣ ግን ስኳር የሚስበው ጡንቻው ራሱ ሲሠራ ነው። ሲነቁ መዳፍህን ውስጥ እግራቸው ሥር አድርግና «አባቴ፣ ግፋኝ» በላቸው። አሥር ጊዜ ከገፉ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል።

የአይሲዩ ነርስ፦ በዚህ እስማማለሁ። ይሄን ለማድረግ ሦስት ሰው አይጠይቅም። ግን ለእኛ ሳይነገር አይጀመር።

ጥያቄውን ያነሳችው፦ እናቴ አሁን ሲኒዋን ታነሳለች፤ ደረጃ ግን ገና ነው። ወንድሜ «ያኔ ብትነሳ ትሞትብን ነበር» ይላል፤ እስካሁን አልተስማማንም። ዛሬ ቢሆን ፊዚዮቴራፒስቱን «ግፊቷ ስንት ነው? ስኳሯ መቼ ተለካ?» ብዬ እጠይቀው ነበር። ደህና ናት ካለኝ፣ ጀርባዋን እኔ ራሴ እደግፍለት ነበር።