ወንድሜ ጉሮሮው ላይ እጢ ተገኘበት፤ ካንሰር ካልሆነ መነሳት አለበት?

የአራዳ ልጅ
ሰላም ናችሁ። ታላቅ ወንድሜ ፒያሳ ሱቅ አለው። ድምፁ ከሻከረ ቆይቷል፣ ብርድ ነው እያልን ዝም አልን። አሁን ግን ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አየር ሲስብ ጉሮሮው ያፏጫል። አንድ ክሊኒክ አስም ነው ብሎ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠው፣ ምንም ለውጥ የለም። በኋላ ሌላ ሐኪም በካሜራ አይቶ ማንቁርትህ ላይ ኪንታሮት የሚመስል ነገር አለ፣ ፓፒሎማ ሳይሆን አይቀርም፣ ይነሳ አለው። እሱ ደግሞ ካንሰር ካልሆነ ቢላ አይነካኝም ብሎ ፀበል ይመላለሳል። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

አንገት በላይ ሬዚደንት
እህቴ፣ ካንሰር ባይሆንም ትንፋሽ ይዘጋል። በድምፅ አውታሮቹ መሃል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ እጢው ትንሽ ቢሆንም አየር ይከለክላል። አስም አብዛኛውን ጊዜ የሚያፏጨው አየር ሲወጣ ነው፤ ሲገባ ከጮኸ ማንቁርት አካባቢ እንጠረጥራለን። ፓፒሎማ የሚመጣው በኤችፒቪ ቫይረስ ነው፣ በተለይ 6 እና 11 በሚባሉት ዓይነቶች። ሰው በማደንዘዣ አስተኝተን በአፍ በኩል ነው የምናነሳው፣ አንገቱ አይቀደድም። ናሙናው ፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ላብራቶሪ) ይሄዳል፣ ካንሰር አለመሆኑም የሚረጋገጠው ያኔ ነው፣ ስለዚህ ገና በእርግጠኝነት አይደለም ማለት አይቻልም። ቁጭ ብሎም ካፏጨ ወይም መተኛት ካቃተው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ድምፄ ተመለሰ
እኔም ይሄው በሽታ አለብኝ። ለወንድምሽ ቀድመሽ ንገሪው፣ ተመልሶ ያድጋል። እኔ ከአንድ ጊዜ በላይ ተነስቶልኛል፣ ድምፄ መሻከር ሲጀምር ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ሳልጠብቅ እሄዳለሁ። አሜሪካ ውስጥ 2025 ላይ ለአዋቂዎች ፓፕዚሜዎስ የሚባል መርፌ ተፈቅዷል፣ እኛ ጋ ግን ዋናው ሕክምና አሁንም ማንሳት ነው። ፀበሉን ይጠመቅ፣ ማን ይከለክለዋል፣ ቀጠሮውን ብቻ እንዳይቀር።

የአራዳ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ልጆቹ ይተላለፋል ብላ ሚስቱ ማንኪያና ብርጭቆ ለይታለታለች፣ እሱም በዚህ በጣም አዝኗል።

አንገት በላይ ሬዚደንት
አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ ከልጆቹ ጋር ይብላ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ያቁም። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያም መተንፈሻው እንደጠበበ ቀድሞ ማወቅ አለበት፣ የካሜራውን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ።