በአንድ ሲዝን 59 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው አለ? ቤዝቦል የምታውቁ ፍረዱን

የጠባሴ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ወይ በአካባቢው ቤዝቦል የሚከታተል ካለ እስቲ ይፍረደን። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ትናንት ደውሎ ስለ ጥንቱ ቤዝቦል ሲያወራኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1884 ፕሮቪደንስ ግሬይስ የሚባል ቡድን ሻምፒዮን ሆነ፣ ቻርለስ ራድቦርን የሚባል አንድ ወርዋሪ ደግሞ 59 ጨዋታ አሸነፈለት አለኝ። ዘንድሮ 20 ያሸነፈ ወርዋሪ ጉድ ተብሎ ነው የሚወራለት። ሃምሳ ዘጠኝ? በዚያ ላይ ጓደኛው ደግሞ 60 ነው እያለ ይከራከረዋል አሉ። እኔ በዱላና በኳስ የማውቀው የገና ጨዋታ ነው፣ እዚያ አንድ ሰው ብቻውን መንደር ሲያሸንፍ አላየሁም። እያጋነኑብኝ ነው ወይስ እውነት ነው?

ሮቢት ሙቀቱ
እውነት ነው ወንድሜ፣ አልዋሸህም። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ያዝ። ቤዝቦል ላይ ድልና ሽንፈት ለቡድኑ ብቻ አይደለም፣ በወርዋሪውም ስም ይመዘገባል። ስለዚህ 59 ማለት እሱ ሲወረውር ቡድኑ ያሸነፈባቸው ጨዋታዎች ማለት ነው። ግሬይስ በዚያ ዓመት ናሽናል ሊግ ውስጥ 84 አሸንፎ 28 ተሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው ቦስተን 73 ነው ያሸነፈው።

ከ84ቱ 59 የአንድ ሰው! የጀመራቸውን 73 ጨዋታዎች በሙሉ ራሱ ነው የጨረሳቸው፣ ተቀያሪ የለ ምን የለ። 441 መቺ በስትራይክ አውት አስወጥቷል፣ ማለትም መቺው ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት ሲወጣ ነው። ከ670 ኢኒንግ በላይ ወርውሯል (ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች አንዳንዴ የሚመቱበት ዙር ነው፣ አንድ ጨዋታ ዘጠኝ አለው)፣ ዛሬ 200 የደረሰ ብርቱ ይባላል።

ግን ጊዜውም ሌላ ነበር። ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው 50 ጫማ ብቻ ነው፣ 15 ሜትር ገደማ። አሁን 60 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። ናሽናል ሊግ ክንድን ከትከሻ በላይ አንስቶ መወርወር የፈቀደውም በዚያው በ1884 ነው፣ መቺዎቹ ገና አልለመዱትም። አብዛኛው ሜዳ ላይ የቆመ ተጫዋች ደግሞ ጓንት የሚባል ነገር አያደርግም ነበር።

የጠባሴ ልጅ
እሺ ቁጥሩ ገባኝ። ግን ቡድኑ ሌላ ሰው አጥቶ ነው አንዱን እንዲህ የጋለበው?

የሞላሌዋ
ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ቁጥሩን ትታችሁ ይሄን አውሩ። ሌላ ሰው ነበራቸው። ቻርሊ ስዊኒ ይባላል፣ ወጣትና እሳት የሆነ ልጅ። ሰኔ 7 ቀን በፈረንጆቹ ቦስተንን ሲገጥም በዘጠኝ ኢኒንግ 19 መቺ በስትራይክ አውት አስወጥቷል። ይሄን ቁጥር ሜጀር ሊግ በሚባለው በከፍተኛው ደረጃ በዘጠኝ ኢኒንግ ያለፈው የለም፣ ሮጀር ክሌመንስ በ1986 20 እስኪያደርስ ድረስ። መቶ ዓመት አለፈ ማለት ነው እኮ።

ችግሩ ሁለቱ አይዋደዱም። ራድቦርን ትልቁ እኔ ነኝ ባይ፣ ስዊኒ ተነሺው። ሐምሌ ላይ ራድቦርን በንዴት ሜዳ ላይ ባሳየው ጠባይ ክለቡ አገደው። እሱ እንደታገደ ስዊኒም አመፀ። ሐምሌ 22 ፊላደልፊያን እየመሩ ሳለ አሰልጣኙ ፍራንክ ባንክሮፍት ውርወራውን ለሌላ ስጥና ወደ ቀኝ ሜዳ ሂድ ቢለው እምቢ ብሎ ጥሎ ወጣ። ጠጥቶ ነበር ይባላል። ያኔ ደግሞ ተጫዋች ካልተጎዳ በቀር መቀየር አይቻልም፣ ስለዚህ በስምንት ሰው ጨርሰው ተሸነፉ። ክለቡ አባረረው። የክለቡ ሰዎች ቡድኑን እናፍርሰው እስከማለት ደርሰው ነበር።

ራድቦርን የመጣው እዚህ ጋ ነው። ሰውዬው ብልጥ ነው። ቀሪውን ሁሉ እኔ እወረውራለሁ፣ ግን ገንዘብ ጨምሩልኝ፣ ሲዝኑ ሲያልቅም ነፃ ልቀቁኝ አላቸው። በዚያ ዘመን ክለቡ ካልፈቀደ ተጫዋች የትም መሄድ አይችልም፣ ውሉ ቢያልቅም ለሚቀጥለው ዓመት ያስቀሩታል። አንዳንዱ ለክለቡ ፍቅር ሲል ተሰዋ እያለ ያወራል፣ እኔ አይዋጥልኝም። ከጌቶቹ ጋር ዋጋ የተደራደረ ሠራተኛ ነው፣ ጎበዝ ሠራተኛ።

ሮቢት ሙቀቱ
ተደራደረ እሺ፣ ግን ሥራውን ሠርቷል እኮ እህቴ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል በየጨዋታው ማለት ይቻላል እሱ ነው የወረወረው፣ ራሱ 18 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። ጠዋት ክንዱን አንስቶ ፀጉሩን ማበጠር አይችልም ነበር ይላሉ። እኔ ባንድ ቀን ድንጋይ ውርወራ ትከሻዬ ሳምንት ይታመማል።

የሞላሌዋ
አልሠራም አላልኩም። ዋጋውን አወቀ ነው ያልኩት።

ጋሽ አንኮበር
ልጆች፣ የ59ና የ60 ነገር ሳይመለስ ቀረ። የአክስትህ ልጅም ጓደኛውም ልክ ናቸው ጠባሴ። ሐምሌ 28 ፊላደልፊያ ላይ በነበረው ጨዋታ ሳይክሎን ሚለር የሚባለው አምስት ኢኒንግ ወርውሮ ቡድኑ እየመራ ነው ውርወራውን የለቀቀው፣ ራድቦርን ተቀብሎ ጨረሰው። ያኔ መዝጋቢው ድሉን ለራድቦርን ሰጠው። በዛሬው ሕግ ግን ድሉ የሚለር ነው። ስለዚህ የድሮውን መዝገብ የሚከተል 60 ይላል፣ በአሁኑ ሕግ የሚሄድ 59። እኔን ከጠየቅህ 59 እላለሁ፣ ሚለርም እኮ የሰው ልጅ ነው፣ ላቡን አትንጠቁት።

በነገራችን ላይ ያን ዓመት ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፣ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል ነው፣ ሌላ ግንኙነት የለውም።

ሻምፒዮንነቱን ደግሞ ማንም አላነሳውም። ናሽናል ሊግን በ10 ጨዋታ ተኩል ልዩነት (የድሉና የሽንፈቱ ልዩነት ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል ነው) ከወሰዱ በኋላ ጥቅምት ላይ የሌላኛውን ሊግ፣ የአሜሪካን አሶሴሽንን ሻምፒዮን ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታንስን ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ገጠሙት። ሦስት ጨዋታ በሦስት ተከታታይ ቀን፣ 6 ለ0፣ 3 ለ1፣ 12 ለ2። ሦስቱንም የወረወረው ማን ይመስላችኋል? ሦስተኛው ቀን ብርዱ ከባድ ስለነበር ተመልካች እንኳን አልመጣም ማለት ይቻላል፣ በስድስተኛው ኢኒንግ ነው ያቆሙት።

ሮቢት ሙቀቱ
ብርድማ ከሆነ ደብረ ብርሃን ቢያደርጉት ኖሮ ሰው ጋቢውን ደርቦ ይወጣ ነበር ጋሼ 😂

የጠባሴ ልጅ
አመሰግናለሁ ሁላችሁም፣ ጋሽ አንኮበር ደግሞ ለእርስዎ ልዩ ምስጋና። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ነፃ ልቀቁኝ ብሎ ተዋውሎ ሄደ ታዲያ? ክንዱስ አልተበላሸም?

ጋሽ አንኮበር
አልሄደም! ገንዘቡን ጨምረውለት እዚያው ቀረ። በ1885 28 አሸንፎ 21 ተሸነፈ፣ ክለቡም ያን ዓመት ጨርሶ ፈረሰ። ክንዱ እንደ በፊቱ አልሆነም፣ ግን አለቀለት የሚባል አይደለም፤ በ1890 ከቦስተን ጋር ሆኖ 27 አሸንፏል። በ1897 ነው የሞተው፣ ገና በ42 ዓመቱ። የቤዝቦል የክብር አዳራሽ የገባው በ1939 ነው፣ እሱ ሳያየው።

የሞላሌዋ
ስዊኒንም ጨምሩበት። ከግሬይስ እንደተባረረ ዩኒየን አሶሴሽን ከሚባለው አዲስ ሊግ ሴንት ሉዊስ ማሩንስ ገብቶ 24 አሸነፈ፣ ማሩንስም ያንን ሊግ በሰፊ ልዩነት ወሰደ። ጥሎ የወጣውም ያባረሩትም በአንድ ዓመት ዋንጫ በሉ ማለት ነው። ሊጉ ግን ከአንድ ሲዝን አላለፈም፣ የስዊኒ ክንድም ብዙ አልቆየ፣ በ1887 ከሜጀር ሊግ ወጥቷል።