ለባለ 250 ኦም ሄድፎን የትኛው አምፕሊፋየር ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ

የተከበራችሁ አባላት፣ በጅማና በአካባቢዋ ከሚኖሩ አረጋውያን የምቀዳቸውን ቃለ መጠይቆች እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ቤቴ በቆርቆሮ የተከደነ በመሆኑ፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሥራ እንደሚያስፈታኝ የምታውቀው እኅቴ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የተባለውን ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ከውጭ አምጥታልኛለች። የውጭውን ድምፅ በሚገባ ይከላከላል፤ ነገር ግን ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ባደርገውም የሽማግሌዎቹ ንግግር ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ይመስላል። ያው ፋይል በተራው የስልክ ማዳመጫዬ ሲከፈት በቂ ድምፅ አለው። ሄድፎኑ ላይ 250 ኦም የሚል ተጽፏል።

አንድ ነጋዴ ሁለት አምፕሊፋየሮች አሳይቶኛል። አንደኛው ትንሽ ሆኖ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኝ ሲሆን «100 ሚሊዋት በ32 ኦም» ይላል። ሁለተኛው በራሱ አዳፕተር የሚሠራ፣ «500 ሚሊዋት በ32 ኦም» የሚልና ዋጋው ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ የሆነ ነው። ነጋዴው «ለጆሮ 100 ሚሊዋት ከበቂ በላይ ነው» ብሎኛል። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ የስቱዲዮ ድምፅ ባለሙያ

ነጋዴው አልዋሸዎትም፤ ሆኖም 100 ሚሊዋቱ የሚገኘው 32 ኦም ያለው ሄድፎን ሲሰካ እንደሆነ አልነገረዎትም። ኦም ሄድፎኑ የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። አምፕሊፋየሩ የሚያወጣው ቮልት ነው፤ ዋቱ የሚገኘው ደግሞ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ ሲካፈል ነው። በ32 ኦም ላይ 100 ሚሊዋት ለመስጠት 1.8 ቮልት ገደማ ይበቃል፤ ይኸው 1.8 ቮልት በእርስዎ 250 ኦም ላይ ሲያርፍ ግን 13 ሚሊዋት እንኳ አይሞላም። ባለ 500 ሚሊዋቱ 4 ቮልት ስለሚያወጣ በእርስዎ ሄድፎን ላይ 64 ሚሊዋት ይሰጣል።

ቀጥሎ መታወቅ ያለበት ሄድፎኑ በ1 ሚሊዋት ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ ነው። ይህ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ሲሆን የእርስዎ 96 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል፣ ኃይሉ 10 እጥፍ ሲሆን ደግሞ በ10 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለድንገተኛ የድምፅ ከፍታ እስከ 110 ዴሲቤል ድረስ መጠባበቂያ ይኑር ብለን ከተነሣን 25 ሚሊዋት፣ ማለትም 2.5 ቮልት ያስፈልጋል። ትንሹ 107 ላይ ይቆማል፤ ትልቁ 114 ይደርሳል። ስለዚህ ትልቁን እመርጥልዎታለሁ።

ኦሙን ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ስሕተት ነው። ሃይፋይማን ኤችኢ-6 የተባለው ሄድፎን 50 ኦም ብቻ ነው፤ ሴንሲቲቪቲው 83.5 ዴሲቤል በመሆኑ ግን ለዚያው 110 ዴሲቤል 450 ሚሊዋት ገደማ ይጠይቃል።

መልስ፦ ሌላ አባል

ቤት ውስጥ የስፒከር አምፕሊፋየር ካለ ለምን ገንዘብ ይወጣል? ሁለቱን የስፒከር ገመዶች ከሄድፎኑ ጃክ ጋር ማገናኘት ይቻላል።

መልስ፦ ሂርማታ አካባቢ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ

ልጄ፣ ይህን እንዳትሞክሪው። 50 ዋት በ8 ኦም የሚሰጥ አምፕሊፋየር 20 ቮልት ያወጣል፤ ያ በ250 ኦም ላይ 1.6 ዋት ይሆናል፤ ሄድፎንሽ የሚችለው ግን 100 ሚሊዋት ነው። ከዚያም በላይ፣ በዛሬዎቹ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ ላይ የስፒከሩ ሁለቱም ገመዶች ቮልት ያለባቸው እንጂ አንዱ ግራውንድ (ቮልት የሌለበት መመለሻ) አይደለም። የሄድፎን ጃክ የግራውን እና የቀኙን ግራውንድ አንድ ላይ ስለሚያገናኝ አምፕሊፋየሩ ሾርት ሆኖ ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት ተቃጥሎ የመጣልኝ ዕቃ አንድና ሁለት አይደለም።

ከመግዛትሽ በፊት ላፕቶፕሽ ስንት ቮልት እንደሚያወጣ ለኪ። ኦዳሲቲ በሚባለው ፕሮግራም 50 ኸርዝ የሆነ ድምፅ በሙሉ ከፍታ ፍጠሪ፤ ሄድፎኑን ጆሮሽ ላይ ሳታደርጊ እንደተሰካ ተዪውና ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገሽ በግራው መስመርና በግራውንዱ መካከል አንብቢ። ርካሽ ቴስተር ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሳሳት ነው 50 ያልሁሽ።

መልስ፦ በሬዲዮ ጣቢያ የምሠራ አባል

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ፋይል ሊይዘው የሚችለው ከፍተኛ ድምፅ ዜሮ ተብሎ ሲቆጠር፣ የቅጂዎ ፋይል ከፍተኛው ጫፍ ከዚያ በታች ስንት ዴሲቤል ላይ ነው? ድምፁ ሲቀዳ ዝቅ ብሎ ከሆነ ጉድለቱን ሁሉ በአምፕሊፋየር ላይ ማሳበብ አይገባም።

ጠያቂዋ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቴስተር ተውሼ ስለካ 0.9 ቮልት አነበብሁ። የፋይሎቹም ከፍተኛ ጫፍ ከዜሮ በታች 18 ዴሲቤል አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህን ከዚህ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም።

መልስ፦ የስቱዲዮ ድምፅ ባለሙያ

እንግዲያው ምክሬን ላርም። 0.9 ቮልት በ250 ኦም ላይ 3.2 ሚሊዋት ነው፤ ሄድፎኑም 101 ዴሲቤል ያህል ያወጣል ማለት ነው። ከዚህ ላይ 18ቱ ሲቀነስ የሚሰሙት ከፍተኛው ድምፅ 83 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን የንግግሩ አማካይ ደግሞ ከዚያም በእጅጉ ያንሳል። ፋይሉን ኮፒ አድርገው በኮፒው ላይ 17 ዴሲቤል ይጨምሩ፤ ዋናውን ግን አይንኩት።

ጠያቂዋ፦

እንዳሉት አደረግሁ። ጸጥ ባለ ሌሊት ከበቂ በላይ ሆነልኝ፤ ከንግግሩ ጋር የሚሰማው የሹክሹክታ የመሰለ ጩኸትም አብሮ ከፍ ብሏል፤ ቢሆንም እችለዋለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ደካማ ድምፅ ያላቸው ሁለት አዛውንት አሁንም አልሰማ አሉኝ።

መልስ፦ የስቱዲዮ ድምፅ ባለሙያ

ከላፕቶፑ 0.9 ቮልት ወደ 1.8 ቮልት መሄድ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ለዚህ ሥራ ትንሹ ይበቃል። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ አምፕሊፋየሩን ይመግበዋል፤ ትልቁ ግን ከአዳፕተሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። ወደፊት ሰፊ የድምፅ ልዩነት ያለው ሙዚቃ ማሰናዳት ከጀመሩ ትልቁን ያስቡበታል።

መልስ፦ በሬዲዮ ጣቢያ የምሠራ አባል

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ለማዳመጥ የሚፈቅደው አማካይ 80 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ90 ዴሲቤል 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። የእርስዎ ሥራ ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ ስለሆነ፣ ዝናቡን በድምፅ ለማሸነፍ ከመሞከር ይልቅ እነዚያን ሁለት ቅጂዎች ለሌሊት ማቆየቱ ይሻላል።

መልስ፦ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ

ልጄ፣ ሱቅ ስትሄጂ ላፕቶፑንም ሄድፎኑንም ይዘሽ ሂጂ። የነጋዴውን ዘፈን ሳይሆን ከሁሉ የሚያስቸግርሽን ቅጂ ክፈቺ። ከመሰካትሽ በፊት የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዝቅ አድርጊ፤ ጃኩ ትልቅ ከሆነም ማቀያየሪያውን አትርሺ።

ጠያቂዋ፦

ነገ ጠዋት ትንሹን ሞክሬ እገዛለሁ። ከእነዚያ ሁለት አዛውንት የአንዱን ቅጂ ይዤ እሄዳለሁ።