በግራናይትና በእብነበረድ መሃል ያለው ቀይ አለት ምንድን ነው?

ተራራ ወጪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ተራራ ላይ አንድ ገደል አጋጠመኝ። በአንድ ወገን ግራጫ ግራናይት፣ በሌላው ነጭ እብነበረድ ነው። በመሃላቸው ሦስት ሜትር የሚሆን፣ ቀይ ቡናማ ፍሬ የበዛበት አለት አለ። አረንጓዴ ቅንጣትና ጥቁር ከባድ ነገርም አለው። እብነበረዱ ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ክር የሚሰነጠቅ ነጭ ማዕድን አየሁ። ምን ይሆን? ዋጋስ አለው?

ጠጠር ለቃሚ፦ ዝገት ይመስለኛል፤ ብረት ያለበት አለት ሲቆይ ይቀላል።

አለት አንባቢ፦ ዝገትማ በጥፍር ይፈረፈራል። ያንተ ፍሬዎች መስታወት ከጫሩ ጋርኔት የሚባለው ጠንካራ ማዕድን ሳይሆኑ አይቀሩም፤ አለቱም ስካርን ነው። ቃሉ የስዊድን ማዕድን ቆፋሪዎች ነው፤ የሚፈልጉትን ወስደው የሚጥሉትን ድንጋይ ነበር እንዲህ የሚሉት። ቅልጥ አለት ወደ ኖራ ድንጋይ ሲገባ ሙቀቱ ኖራውን እብነበረድ ያደርገዋል። ከቅልጡ የሚወጣው ትኩስ ፈሳሽ ሲሊካና ብረት ይዞ ይመጣል፣ ካልሲየሙን ከኖራው ያገኛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ስካርን የሚሠራው እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ጋርኔቱ ወደ ግራናይቱ፣ አረንጓዴው ፓይሮክሲን ራቅ ብሎ፣ ዎላስቶናይት የሚባለው ነጭ ክር መሰል ማዕድን ደግሞ እብነበረዱ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ የት እንደተቀመጠ እይ። ጥቁሩን በማግኔት ሞክረው፤ ከሳበው ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ጋርኔቱ አያጓጓህ። አለቱ ሲቀዘቅዝ ውሃ ያለበት ፈሳሽ ተመልሶ ጋርኔቱን ይበላና ኤፒዶትና ክሎራይት የሚባሉ አረንጓዴ ማዕድናት ያደርገዋል፤ የመዳብና የዚንክ ሰልፋይድ (ከድኝ ጋር የተዋሃደ ማዕድን) አብዛኛውን ጊዜ የሚከማቸው ያኔ ነው። የተሰባበረውንና በአረንጓዴ የተወረረውን ክፍል ፈልግ።

ሌሊት ፈላጊ፦ ሼላይትንም አትርሱ፤ የተንግስተን ማዕድን ነው። በቀን ከኳርትዝ አይለይም፣ በጨለማ ግን አጭር ሞገድ አልትራቫዮሌት ሲበራበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይደምቃል። የእብነበረዱ ማዕድን ካልሳይትም ሊያበራ ስለሚችል አሲድ ጣል አድርግበት፤ ካልሳይት አረፋ እያወጣ ይፈላል፣ ሼላይት ግን አይፈላም። አልትራቫዮሌት የሚከላከል መነጽር ሳታደርግ ግን መብራቱን አትክፈት፤ ዓይን ይጎዳል።

ተራራ ወጪ፦ ፍሬዎቹ መስታወት ጫሩ፣ ጥቁሩም ማግኔት ሳበ! እብነበረዱ አሲድ ሲነካው ወዲያው ፈላ። ነጩ ክር ግን ምንም አላለም።

አለት አንባቢ፦ ወዲያው ከፈላ ካልሳይት ነው፤ ማግኒዚየም ያለበት ዘመዱ ዶሎማይት ካልደቀቀ እምብዛም አይፈላም። እንግዲህ ክሩ ዎላስቶናይት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቢሆንም ትሬሞላይት የሚባለው በመልክ የሚመሳሰለው ማዕድን አንዳንዴ አስቤስቶስ (አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ክር) ስለሚሆን ሳይረጋገጥ በደረቁ አትፍጨው። ከሦስቱም ወገን አንዳንድ ናሙና ውሰድና የተነሳበትን ርቀት ከግራናይቱ ለክተህ ጻፍበት፤ ቦታው ካልተጻፈ ድንጋዩ የመደርደሪያ ጌጥ ብቻ ነው የሚሆነው።